የአያትሽ ወባ

መርሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ቀን ከሌት ከሐሳቤ ለማትወጪው ልጄ ለብርቱካን ወርቁ፤
አርባ ምንጭ።

እንዴት ከረምሽልኝ? ልጅሽ ጥርሷን ቀየረች ወይ? ወልዴስ ደህና ነው? ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ አብዱልሐሊም ነው፤ ሲሪንቃ ምርምር ጣቢያ አብረን ያረጀነው ሾፌር፣ ትምህርት ቤት ስትሄጂ ፒክአፑ ላይ ጭኖ የሚያደርስሽ። ጡረታ ወጥቶ ቁጭ ማለት አልሆነለትም። በልጁ አይሱዙ ሽንኩርት ጭኖ ሐዋሳ ይወርድ ነበርና "ከሐዋሳ አርባ ምንጭማ ጎረቤት ነው፣ በእጇ አስረክባታለሁ" አለኝ። አንብበሽ እስክትጨርሺ እንዲጠብቅ ነግሬዋለሁ። ምሳ አብዪው፤ ሽሮ ይወዳል። ስኳር ስላለበት ለስላሳ አትስጪው፤ እሱ ግን መጠየቁ አይቀርም።

በስልክ ያልነገርኩሽ ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጀምሬልሽ ነበር። ሁለቱን ጊዜ "አባዬ፣ እኔ ምንም አልሆንኩም፣ ክፉ አታውራብኝ" ብለሽ ወሬ ቀየርሽ። በሦስተኛው ኔትወርክ ተቋረጠ አልሽ። ልጄ፣ የመርሳ ኔትወርክ ኃጢአቱ ብዙ ነው፤ ያን ቀን ግን እሱ አልነበረም። አልተቀየምኩሽም። ፍርሃቱን የወረስሽው ከኔ ነው።

ይህችን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀሁ። ትንሽ እጽፋለሁ፣ ይደክመኛል፣ ጋደም እላለሁ። ነገሩን ሳዞር ሳዞር ሳልደርስበት እንዳልቀር የምፈልገውን ከፊት ላስቀምጠው። አዲስ አበባ ሄደሽ ደምሽን ለምርመራ እንድትሰጪና ጡትሽን እንድትታዪ እፈልጋለሁ። ታመሻል ማለቴ አይደለም። ሳትታመሚ ነው የምልሽ። ምክንያቱን ከኔ ስሚው፤ ከሥሩ ጀምሮ የሚያውቅ ሌላ ሰው በሕይወት የለም።

አያትሽ በወባ አልሞተችም።

በወባ ሞተች ብዬ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። አገሩ ቆላ ነው፣ ወባ አለ፣ ማንም አይጠራጠርም። እናቴ የሞተችው በጡት ነቀርሳ ነው። እሷ አርባ አንድ ዓመቷ፣ እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ ሽንብራ የምታህል ነገር ነበረች አሉ። በዚያን ጊዜ አንዲት ባለትዳር ጡቷን ለማን ታሳያለች? እኛም ያወቅነው ሲፈርጥ ነው። ጓዳ አስተኝተናት ሽታው እንዳይወጣ ጠጅ ሳር እየጎዘጎዝን ስድስት ወር ኖረች። ከሷ በፊት ታላቅ እህቷም በዚሁ ሄዳለች፤ የሷን "ምች ነው" ብለውት ነበር።

ለምን እንደዋሸን ልንገርሽ። በአክስትሽ በበላይነሽ ምክንያት ነው። አሥራ አምስት ሲሞላት ከሐራ በኩል ደህና ቤት ጠየቃት። አጥንት ተቆጠረ፣ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና የለም ተባለ፣ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። ከዚያ አንድ የሰፈር ሰው "እናትየዋን ምን እንደገደላት ጠይቃችኋል ወይ?" አላቸው። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሎቹ ተመልሰው መጥተው "በዘሩ ነቀርሳ አለበት" አሉና ትተዋት ሄዱ። በላይነሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ ልትቀዳ በወጣች ቁጥር ሴቶቹ ይንሾካሾኩባት ነበር። አባቴ እኔንና እሷን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አቁሞ አስማለን። "እናታችሁን የገደላት ወባ ነው። ከዚህ ሌላ የተናገረ ልጄ አይደለም" አለ።

ከዚያ ወዲያ በላይነሽ በወባ አገባች፣ እኔም እናትሽን በወባ አገባሁ። አንቺም እንደዚያው ነው የተዳርሽው። የወልዴ ሽማግሎች መጥተው "አቶ ወርቁ፣ በዘሩ የሚጥል፣ ቁምጥና፣ ነቀርሳ አለ ወይ?" ሲሉኝ ዓይኔን ሳላሽ "ንጹሕ ነው፤ እናቴም በወባ ነው የሞተች" አልኳቸው። ደስ ብሎኝም ነበር። ልጄን በጣት ከመታየት አዳንኳት ብዬ ያን ቀን ጠላውን ከሁሉ አብልጬ የጠጣሁት እኔ ነኝ።

ሌላው ሁሉ ይቅር ይባል፤ የሚበላኝ የሚቀጥለው ነው። በላይነሽ በዚያው በጡቷ የታመመች ጊዜ ደሴ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ መዝገቡን ከፍቶ "ከቤተሰብ እንዲህ ታሞ የሚያውቅ አለ?" አላት። ወደኔ አየች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሴት፣ ሞት ደጇ ላይ ቆሞ "የለም፤ እናቴ በወባ ነው የሞተች" አለችው። እኔም ከጎኗ ቆሜ "አዎ፣ በወባ" አልኩ። ሐኪሙም ጻፈው። እውነቱን ብንነግረው ኖሮ ያኔውኑ "ሌሎቻችሁም ታዩ" ይለን ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን እኮ ነው ያደግነው። እኛ ከሐኪሙም ደበቅነው።

እኔ ራሴ አልፈራሁም ነበር። የጡት ነገር የሴት ነው፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ እንጂ በወንድ አያልፍም፣ ስለዚህ እኔ ላይ ሲደርስ ይቆማል ብዬ ነበር። አንቺ የኔ ልጅ በመሆንሽ የተረፍሽ መስሎኝ እንቅልፌን እተኛ ነበር። ይህን ያለው ሰው ሥራው ምን ነበር? ሠላሳ አንድ ዓመት ማሽላ ማዳቀል! ከወንዱ ራስ ላይ ዱቄቱን በወረቀት ከረጢት አራግፌ ለሴቷ አልብሼ፣ ካርዱ ላይ "እናት ይህች፣ አባት ይህ" ብዬ በእርሳስ ጽፌ አስሬ ነው ያረጀሁት። አቀንጭራ የሚባለው አረም የማይበግረው አባት የማይበገር ልጅ ሲያወጣ፣ ድንክ አባት ድንክ ሲያወጣ በየዓመቱ በዓይኔ አይቻለሁ። ወደ ቤቴ ስገባ ግን አባት ምንም አያወርስም አልኩ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እንዲህ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት በኔ ወጣ፤ ግራ ጡቴ ላይ። አንቺ "ሳንባውን ነው" የተባልሽው ይኸው ነው። ሳንባ ያልነው ለወንድ ስለሚያምር ነው። አሁን እናትሽ በትከሻዬ በኩል አየችና "ደግሞ ለልጅ እንዲህ ይጻፋል?" አለችኝ። ይጻፋል አልኳት። ስንት ወር ብጉንጅ ነው እያልኩ ፌጦ ስለጥፍበት ኖሬአለሁ። ወንድ ልጅ ጡቴን አመመኝ ብሎ ማን ዘንድ ይሄዳል? አንድ ቀን ማንጎ ስንለቅም አብዱልሐሊም ሸሚዜ ላይ ደም አየ። አስገልጦ አየና "ወላሂ ወርቁ፣ ይሄ ብጉንጅ አይደለም። አሁኑኑ ተነስ" አለኝ። ነገ አልኩት። "ነገን ማን ሰጠህ?" ብሎ እየጎተተ መኪና ላይ ጫነኝ። ሐኪም ቤት ወረፋው ሁሉ ሴት ነው። ነርሷ "አባባ፣ ታማሚዋ የት አሉ?" አለችኝ። "ታማሚዋ እኔ ነኝ" አልኳት። ከዚያች ቀን ጀምሮ አብዱልሐሊም ባገኘኝ ቁጥር "ታማሚዋ እንዴት አደሩ?" ይለኛል።

ደሴ ቀደዱኝና ለመድኃኒቱ አዲስ አበባ ላኩኝ። እዚያ ያገኘኋት ሐኪም ልጅ እግር ናት፣ ያንቺ እኩያ። እሷም እንደ በላይነሽ ሐኪም መዝገቡን ከፍታ "ከቤተሰብ የታመመ አለ?" አለችኝ። አፌ "ወባ" ሊል ተከፍቶ ነበር። ድክም አለኝ ልጄ። ሃምሳ ዓመት የተሸከምኩት ነገር እዚያ ወንበር ላይ አላነሳም አለኝ። እናቴን፣ አክስቴን፣ እህቴን አንድ በአንድ ነገርኳት። እስክትጽፍ ቆይታ "አባባ፣ ይህን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ" አለችኝ። አለቀስኩ። ሰው ፊት ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው።

ያስረዳችኝን እንደገባኝ ልጻፍልሽ። በሰውነታችን በእያንዳንዷ ቅንጣት ውስጥ ሰውነት የሚሠራበት መመሪያ አለ። መመሪያው በፀሐይ፣ በጭስ፣ በዕድሜ፣ አንዳንዴም እንዲሁ በራሱ በየቀኑ ይቀደዳል። የጤነኛ ሰውም ይቀደዳል። ግን ጠጋኝ አለው፤ ቀን ከሌት የተቀደደውን ሲሰፋ ይኖራል። የጠጋኙን አሠራር ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ፣ ሁለት ቅጂ እንወርሳለን። የኔ አንደኛው ስወለድም የተበላሸ ነበር። ሁለተኛው ብቻውን ሲሠራ ኖሮ አንድ ቦታ ላይ እሱም ተበላሸና የተቀደደው ሳይሰፋ ቀረ። በሽታው የሚነሳው ከዚያ ነው አለች። ለጥናት ብለው ደሜን ወደ ውጭ ላኩት፤ በአምስተኛው ወር መልሱ መጣ፣ እንዳለችው ነው። እርግማንም፣ ቡዳም፣ የሠራነው ኃጢአትም አይደለም። አንድ የተበላሸ ጠጋኝ ነው፤ ከእናቴ ወደኔ የመጣ።

"ለልጆቼስ?" አልኳት። "ለእያንዳንዱ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሴትም ይሁኑ ወንድ" አለችኝ። ይህን እንኳ ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ ማሳ ላይ ስቆጥረው የኖርኩት ነው። የወረሰ ሁሉ ይታመማል ማለት እንዳልሆነም ነግራኛለች። ነገር ግን የወረሰች ሴት አስቀድማ ካወቀች በየዓመቱ በማሽን ትታያለች፣ ቢነሳም በእጅ ሳይዳሰስ ያገኙታል፤ የእንቁላል ማምረቻዋንም ይከታተሉላታል። እንደ ፈቃዷ ቀድሞ የሚደረግ ሌላም አለ። ያላወቀች ግን እንደ እናቴ ነው። ልጅሽ ገና ሕፃን ስለሆነች አሁን አትመረመርም፤ አድጋ ራሷ ትወስናለች። አሁን ተራው ያንቺ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመትሽ ነው ብርቱካን። እናቴ በአምስት ዓመት ነው የምትበልጥሽ።

ወንድምሽ ደጀን ደሙን ሰጥቷል። አልወረሰም። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ሳልጨርስ ግን ሌላ መጣ። የግራናዋን ልጅ ሊያገባ መነሳቱን ታውቂያለሽ፤ ለምን እንደቀረ ግን የነገረሽ ያለ አይመስለኝም። ነሐሴ ላይ ከሽማግሎቹ ጋር ሄድኩ። የዘሩ ጥያቄ ደረሰ። አስቀድሜ የንስሐ አባቴን "መሐላ አለብኝ" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፤ "ሰው የሚያስጨርስ መሐላ አይጸናም፣ ተናገር" ብለውኛል። ተናገርኩ። "እናቴ በነቀርሳ ሞታለች፣ እህቴም፤ እኔም አለብኝ፤ ልጁ ግን ተመርምሮ ነጻ ነው" ብዬ ወረቀቱን አወጣሁ። የልጅቷ አባት ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ አየና መለሰልኝ። "አቶ ወርቁ፣ ሳይደብቁ ስለነገሩን እግዚአብሔር ያክብርዎ። ወረቀት ግን አጥንት አይለውጥም" አለኝ። በዚያው ተነሳን።

ደጀን መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ቀድሞ ሄደ። ቤት ስንደርስ "የኔ ነጻ ከሆነ ምን አስወራህ?" አለኝ። እህትህ አለች አልኩት። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም፤ ሦስት ወሩ ነው። መድኃኒቴን ከወልድያ ይገዛል፣ በርጩማው ላይ ያስቀምጣል፣ ይወጣል። ፈርጄበታለሁ፣ አውቃለሁ። እውነቱን የነገርኳቸው ለነሱ ብዬ አልነበረም። አንዴ ግራና ላይ ከተወራ መርሳ ላይ ይወራል፣ ወልድያ ይደርሳል፤ ወደኋላ እንዳልመለስ ብዬ ነው። አንቺን ለማዳን የሱን ትዳር አፈረስኩ። ትክክል ይሁን አይሁን እንጃ። ደክሞኛል፣ መመዘኑን ለሌላ ትቼዋለሁ።

የወልዴ ነገር እንደሚያስፈራሽ ይገባኛል። አንቺ አልዋሸሽውም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ለሱ ለብቻው ሌላ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፣ አብዱልሐሊም ኪስ ውስጥ ነው። "ሽማግሎችህን ዓይናቸው እያየ ዋሽቻለሁ፣ ይቅር በለኝ፤ ሚስትህ የምታውቀው ነገር የለም" ይላል። ስጠው ካልሽው ይሰጠዋል፣ አትስጠው ካልሽው ይዞት ይመለሳል። እኔ እንደማውቀው ወልዴ የሚጮኸው ለዶሮ ብቻ ነው፤ ሰው ሲታመም ግን ቁጭ ብሎ የሚያስታምም ልጅ ነው። ቢሆንም ኑሮው ያንቺ ነውና አንቺው ወስኚ።

የሐኪሟ ስልክና የኔ ውጤት እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ፤ እሱን ካዩ የቱን ቦታ እንደሚፈልጉ ያውቁታል፣ አያንገላቱሽም። ተመርምረሽ ነጻ ከሆንሽ እሰየው፣ ልጅሽም ነጻ ናት። ከወረስሽ ደግሞ ከቤታችን ሴቶች ሁሉ ቀድማ ያወቀች የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። ከፈራሽ ፈርተሽ ሂጂ።

እንግዲህ ልመርቅሽ። የኔን ዕድሜ ይስጥሽ አልልም፤ አይበጅሽም። የእናትሽን እናት ዕድሜ ይስጥሽ፤ ዘጠና ሁለት ሞልቷት ትናንት ጎረቤቱን ሁሉ ስትሳደብ ዋለች። ጡትሽ የልጅ ልጆችሽ የሚተኙበት ይሁን። ክፉ ወሬ በበርሽ አይለፍ። ስትወጪ የሚሸኝሽ፣ ስትገቢ የሚቀበልሽ አትጪ። ስላጠፋሁብሽም ይቅር በዪኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ይህን ስታነቢ ተነስተሽ ወደዚህ ልትመጪ እንደምትችዪ አውቃለሁ። አትምጪ። መጀመሪያ አዲስ አበባ። በሽታው ጀርባዬ ላይ ደርሷል፤ ሐኪሟ ቀኑን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። አንቺን ደግሞ አውቅሻለሁ፤ ለቅሶ መጥተሽ፣ ሰልስት ብለሽ፣ አርባ ብለሽ፣ ተዝካር ብለሽ፣ ሐዘን ላይ ነኝ እያልሽ ዓመት ታሳልፊበታለሽ። ስለዚህ እናትሽን፣ ደጀንን፣ የእድሩን ዳኛም ሰብስቤ አደራ ብያቸዋለሁ። እኔ የሆንኩትን ብሆን፣ ብርቱካን ደሟን መስጠቷን በአንደበቷ ሳትናገር መርዶዬ አይነገራትም። እናትሽ "ይሄ ጭካኔ ነው" ብላ አልቅሳለች። ደጀን ግን ከበሩ ላይ ሆኖ "እሺ" አለ። በሦስት ወር የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

ስልክ ስትደውዪ "ተኝቷል" ይሉሻል። አትቆጪያቸው፣ አትመርምሪያቸውም፤ እኔ ነኝ እንዲህ በሉ ያልኳቸው። ደምሽን ሰጥተሽ ደውዪ። ካለሁ እኔ አነሳዋለሁ።

አባትሽ፣
ወርቁ አበጋዝ